ማታ ማታ የሚርገበገብ ልብ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዕድሜዬ 46 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በሳምንት አራት ቀን ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ። አላጨስም፤ ግፊትና ስኳር የለብኝም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ማታ፣ በተለይ ራት ጠገብ አድርጌ በልቼ በግራ ጎኔ ስተኛ፣ ልቤ በድንገት ይርገበገባል። ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይተወኛል። እስኪተወኝ ድረስ ሽንት ቤት መመላለስ ነው ሥራዬ። አንድ ሌሊት ሆስፒታል ሄጄ ኢሲጂ ተነሳሁና "ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው" አሉኝ። ሜቶፕሮሎል ታዘዘልኝ። እሱን ከጀመርኩ ወዲህ ግን የባሰብኝ ይመስለኛል። ጓደኛዬ "የጨጓራ ነርቭ ነው፤ ፊትህን በረዶ ውኃ ውስጥ ንከር፣ ይለቅሃል" ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ቡና አቁም ብላ ይዛኛለች። እውነት ነርቭ የልብን ምት እንዲህ ሊያዛባ ይችላል? ወይስ ጨጓራዬን ልታከም?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሁለቴ አነበብኩት። ክሊኒክ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ "ልቤ ይመታብኛል" ብሎ ያቆማል። እርስዎ ግን ሰዓቱን፣ ምግቡን፣ የተኙበትን ጎን፣ ሽንቱን ሳይቀር ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ታሪክ የምርመራው ግማሽ ነው።

አጭሩ መልስ አዎ ነው። ነርቭ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። የእርስዎ ታሪክ እኛ "ቬጋል ኤኤፍ" የምንለውን ይመስላል፤ ኤኤፍ የምንለው ያንኑ የተነገረዎትን ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በአጭሩ ነው። ጓደኛዎ ስለ ነርቩ ብዙም አልተሳሳተም፤ ስለ በረዶው ውኃ ግን ተሳስቷል። የቡናው ነገር ቆይቶ ይመጣል። ረጅሙ መልስ ይኸው፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ኤኤፍ ምን እንደሆነ ቶሎ ልበል። ልብ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ክፍል አለው። ምቱ የሚጀምረው በላይኛው ቀኝ ክፍል ውስጥ ካለች ሳይነስ ኖድ ከምትባል ትንሽ ቦታ ነው። ሞገዱ በላይኞቹ ክፍሎች ይሰራጫል። ከዚያ ኤቪ ኖድ የምትባል መሐል በር ላይ ትንሽ ዘግይቶ ወደ ታች ይወርዳል። በኤኤፍ ጊዜ የላይኞቹ ክፍሎች ውስጥ በደቂቃ ከ300 በላይ የተዘበራረቀ ምልክት ይርመሰመሳል። ሥጋው መኮማተሩን ትቶ ይርገበገባል። ኤቪ ኖድ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ የተወሰነውን ብቻ ያሳልፋል፤ ያንንም ያለ ተራ። የእጅዎን ትርታ ሲይዙ አንዱ ቶሎ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ ጠንከር፣ አንዱ ደከም የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ነርቩ እንምጣ። ልብ ለመምታት ነርቭ አያስፈልገውም። የሌላ ሰው ልብ የተተከለለትን ሰው ያስቡ። ልቡ ሲወጣ ነርቮቹ ተቆርጠዋል፤ ግን ይመታል። እንዲያውም ፈጠን ብሎ፣ በደቂቃ 100 አካባቢ። እርስዎ ሶፋ ላይ ጋደም ብለው 60 ወይም 55 የሚመታው አንድ ነገር ስለያዘው ነው። ያ ነገር ቬገስ ነርቭ ነው።

ነርቩን እንደ ልጓም ይውሰዱት። ከአንጎል ሥር ይነሳል፣ በአንገት ይወርዳል፣ ጉሮሮን፣ ልብን፣ ሳንባን፣ ጨጓራን፣ አንጀትን ያዳርሳል። ስሙ በላቲን "ተንከራታች" ማለት ነው፤ ሲያንሰው ነው። በሌላ በኩል አለንጋው አለ፤ ሲምፓቴቲክ የሚባለው ነርቭ። ሲደነግጡ፣ ሲናደዱ፣ ዳገት ሲወጡ የሚሠራው እሱ ነው። ጤነኛ ልብ ቀኑን ሙሉ በልጓምና በአለንጋ መሐል ነው የሚሄደው።

ቬገስ ልብን እንደሚያዘገይ በ1845 ዌበር የሚባሉ ሁለት ጀርመናዊ ወንድማማቾች አሳይተው ነበር። እንዴት እንደሚያዘገይ ግን እስከ 1921 ማንም አላወቀም። ኦቶ ሎዊ የሚባል ሐኪም ራሱ እንደተረከው፣ አንድ ሌሊት በሕልሙ ሙከራ ታየው። ከእንቅልፉ ነቅቶ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገና ተመልሶ ተኛ። ጠዋት የጻፈውን ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሕልሙ ተመለሰ። በዚህኛው አልሞኘም፤ ተነስቶ በቀጥታ ላቦራቶሪ ገባ። የአንዱን እንቁራሪት ልብ ቬገስ ነርቭ ቀሰቀሰ፤ ልቡ ዘገየ። ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ ሌላ ልብ ላይ አደረገ። ሁለተኛውም ዘገየ። ነርቭ ሳይነካው! ነርቩ ኬሚካል ነው የሚረጨው ማለት ነው። ያ ኬሚካል በኋላ አሴቲልኮሊን መሆኑ ታወቀ፤ ሎዊም በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመበት። ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ሳወራ ሁሌም እጄ አጠገብ ወረቀት ይኖራል።

እዚህ ላይ "ልጓም ከሆነ ታዲያ እንዴት ልብን ያስበረግጋል?" ይሉኛል። ጥያቄው ልክ ነው። ለማረጋጋት የተፈጠረ ነርቭ እንዴት ረብሻ ያመጣል?

ነገሩ ያለው ማረፊያ ጊዜ ላይ ነው። እያንዳንዱ የልብ ሴል አንዴ ከተቀሰቀሰ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሌላ ጥሪ አይሰማም። በላይኞቹ ክፍሎች ይህ ማረፊያ የሰከንድ ሩብ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ሰደድ እሳትን ያስቡ። እሳቱ ያቃጠለውን መስክ ተመልሶ አያቃጥልም፤ ሣር የለማ። ሣሩ ግን እሳቱ ኮረብታውን ዞሮ ሳይጨርስ ቢበቅልስ? እሳቱ ሲዞር ይኖራል። የልብ ሞገድም እንዲሁ ነው። ማረፊያው ረጅም ከሆነ ሞገዱ ያለፈበትን መንገድ ተዘግቶ ያገኘዋል፣ ይሞታል። ማረፊያው ካጠረ ዞሮ ይገባል።

አሴቲልኮሊን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በሴሎቹ ላይ ያሉ የፖታሲየም በሮችን ይከፍትና ማረፊያውን ያሳጥራል። እነዚህ በሮች ከታችኞቹ ይልቅ በላይኞቹ ክፍሎች ይበዛሉ፤ ስለዚህ ቬገስ በዋናነት የሚረብሸው ላይኛውን ነው። በዚያ ላይ የነርቩ ጫፎች በእኩል አልተሰራጩም። አንዱ ጋ ሣሩ በቅሏል፣ ጎኑ ገና ነው። ለዝብርቅርቅ እሳት እንዲህ ያለ መስክ ይመቻል። በላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ውሻ ላይ ኤኤፍ ማምጣት ሲፈልጉ ከዱሮ ጀምሮ ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ቬገስ ነርቩን መቀስቀስ ነው።

መስኩ ቢመቻችም ክብሪት የሚጭር ያስፈልጋል። በ1998 የፈረንሳይዋ ቦርዶ ከተማ ሐኪሞች ብልጭታው አብዛኛውን ጊዜ ከየት እንደሚነሳ አሳዩ፤ ከሳንባ ደም ይዘው ወደ ግራው የላይኛ ክፍል ከሚገቡት የደም ሥሮች አፍ ነው። እዚያው አፋቸው ዙሪያ፣ ስቡ ውስጥ፣ የነርቭ ቋጠሮዎች ተሰግስገዋል። አለንጋውም ልጓሙም እዚያ ይደርሳሉ። አለንጋው ሴሎቹ ውስጥ ካልሲየም ያከማችና ብልጭታ ያስነሳል። ልጓሙ ማረፊያውን ያሳጥርና መንገድ ይከፍታል። ሆልተር (ቀን ከሌሊት የልብ ምት የሚቀርጽ ትንሽ መሣሪያ) አድርገው ኤኤፍ የተነሳባቸውን ሰዎች የመረመሩ ጥናቶች፣ ሊነሳ ሲል መጀመሪያ አለንጋው ከፍ ይልና ከዚያ ሚዛኑ ወደ ልጓሙ እንደሚያደላ አይተዋል። ስለዚህ "የእኔ ንጹሕ ቬጋል ነው" ብሎ መማል አይቻልም።

ወደ ራትዎ ልመለስ። ጨጓራ ሲለጠጥ በግድግዳው ያሉ የቬገስ ጫፎች ወሬውን ወደ አንጎል ሥር ያደርሳሉ። አብዛኛው የቬገስ ክር ወሬ አመላላሽ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ያወራል። አንጎል ሥር ያለው ማዕከል ወሬውን ሰምቶ በዚያው ነርቭ ትእዛዝ ይልካል፤ "ምግብ ገብቷል፣ ዝግ በል"። ትእዛዙ ለጨጓራ ብቻ ቢደርስ ጥሩ ነበር፤ ለልብም ይደርሳል። ሪፍሌክስ የምንለው ይህን ደርሶ መልስ ነው። ጎረቤትነቱም አለ። የምግብ ቧንቧው የሚያልፈው ከግራው የላይኛ ክፍል ጀርባ ተለጥፎ ነው፤ በመሐላቸው ያለው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ሲውጥ ወይም በጣም ቀዝቃዛ መጠጥ ሲጠጣ ኤኤፍ ይነሳበታል። ስንቶቹ "የሥነ ልቦና ነው" ተብለው ተመልሰዋል!

ታዲያ ጨጓራ ልታከም ወይ? ቃር፣ ማስመለስ፣ ሲተኙ ጉሮሮ ማቃጠል ካለ አዎ፣ ይታከሙ፤ ሊረዳዎ ይችላል። ግን ጨጓራው ቢድንም ልቡ ይታይ። አደራ፣ "ጨጓራ ነው" ተብሎ ኤኤፍ እንዳይረሳ።

ግራ ጎን ላይ መተኛትስ? ብዙ ታካሚዎች ይህንኑ ይነግሩናል። ወደ ግራ ሲዞሩ ልብ ቦታውን ሸርተት አድርጎ ወደ ደረት ግድግዳ ይጠጋል፤ የላይኛው ክፍል አለጣጠጡም ይቀየራል። ማታ ደግሞ ቬገስ ሥልጣኑን የሚይዝበት ሰዓት ነው። ሙሉ ጨጓራ፣ ሌሊት፣ ግራ ጎን። ሦስቱ ባንድ ላይ።

ሽንቱ ደስ የሚለኝ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ሰው ሲያፍርበት ኖሮ መልሱን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። የኩላሊት ሕመም አይደለም፤ ልብዎ ራሱ ነው የሚያሸናዎ። በ1981 ካናዳ ውስጥ አዶልፎ ደ ቦልድ የሚባል ተመራማሪ ከአይጥ ልብ የላይኛ ክፍል የተጨመቀ ነገር ለሌላ አይጥ ሰጠ። አይጧ በሽንት ተጥለቀለቀች። የላይኛው ክፍል ሲወጠር ሆርሞን ይረጫል፤ ሆርሞኑ ኩላሊትን "ጨውና ውኃ አስወጣ" ይለዋል። ልብ እንደ እጢም ይሠራል ማለት ነው። ኤኤፍ ሲነሳ ያ ክፍል ስለሚወጠር ሽንት ይመጣል። ለእኔ ይህ ምልክት ጭንቀት ብቻ አለመሆኑን የሚጠቁም ጥሩ ፍንጭ ነው።

ይህን የምግብ፣ የሌሊትና የዕረፍት ኤኤፍ ለይቶ ያወጣው ፊሊፕ ኩሜል የሚባል ፓሪሳዊ ሐኪም ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ። የገለጻቸው ሰዎች በአብዛኛው በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ነበሩ። ልባቸው ሌላ ጉድለት የለውም። ምቱ ከመዛባቱ በፊት ቀስ ይላል። ሲሮጡ ደህና ናቸው፤ ሮጠው ሲያርፉ ይነሳባቸዋል። ያውቋቸዋል አይደል? በተቃራኒው ቀን ቀን፣ በንዴት ወይም በሥራ ላይ የሚነሳው አድሬነርጂክ ይባላል። ግን ዓለም እንደዚህ ለሁለት አልተከፈለችም። በ2008 የወጣ አንድ የአውሮፓ ጥናት መጥቶ የሚሄድ ኤኤፍ ካለባቸው ከ1,500 በላይ ሰዎች ውስጥ 6 በመቶውን ቬጋል፣ 15 በመቶውን አድሬነርጂክ፣ 12 በመቶውን ድብልቅ ብሎ መድቧቸዋል። የተቀሩት፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ ከየትኛውም አልገጠሙም።

አሁን ወደ ሜቶፕሮሎል። ሜቶፕሮሎል ቤታ ብሎከር ነው፤ አለንጋውን ይይዛል። ንዴትና ሩጫ ለሚያስነሳው ኤኤፍ ጥሩ ነው። ልጓሙ ለሚያስነሳው ግን አለንጋውን ከያዙት ልጓሙ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ "የባሰብኝ ይመስለኛል" ማለትዎ ቅዠት ላይሆን ይችላል። ዲጎክሲንም እዚህ አይመከርም፤ እሱ ራሱ ቬገስን ያበረታል። ያ የአውሮፓ ጥናት ከቬጋል ታካሚዎች ብዙዎቹ የማይመከረውን መድኃኒት ሲወስዱ አግኝቷቸዋል። ስለዚህ ሐኪምዎን አይውቀሱ፤ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል የገባ ፈጣን ልብ መጀመሪያ ይዘገያል፣ ልክም ነው።

ነገር ግን ክኒኑን በራስዎ እንዳያቆሙ። ቤታ ብሎከር በአንድ ጊዜ ሲቆም ልብ ይበረግጋል፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚቀነሰው። ለልብ ሐኪምዎ "ሌሊት ነው የሚነሳብኝ፣ ከራት በኋላ ነው፣ መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ በዛ" ብለው ይንገሩት። አማራጭ አለ። ፍሌካይናይድ የሚባለው መድኃኒት የልብ ግድግዳውና ቫልቩ ጤነኛ ለሆነ ሰው ይሰጣል። ዲሶፒራማይድ የሚባል የዱሮ መድኃኒት ደግሞ ቬገስን ስለሚያፍን ለዚህ ዓይነቱ ይጠቀሳል፤ አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሁሉም አይወደውም። አንድ ነገር ግን ይወቁ። ከፍሌካይናይድ ጋር ብዙ ጊዜ ትንሽ ቤታ ብሎከር ይጨመራል። የላይኛው ክፍል ወደ ሌላ ዓይነት ፈጣን ምት ቢቀየር የታችኛው አብሮ እንዳይበር የመሐሉን በር ይጠብቃል። ስለዚህ ሐኪምዎ ሜቶፕሮሎሉን ይቀጥሉ ቢልዎ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ይጠይቁት።

የበረዶው ውኃ። ይህ ምክር ስልክ ላይ በሰፊው ይዞራል፤ መነሻውም እውነት ነው። ትንፋሽ ይዘው ፊትን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲነክሩ የጠላቂዎች ሪፍሌክስ ይቀሰቀሳል፤ ቬገስ ልጓሙን ይስባል። ሌላ ዓይነት ፈጣን ምት አለ፣ ኤስቪቲ የሚባል። እዚያ ላይ ሞገዱ የሚዞረው ኤቪ ኖድ ውስጥ አልፎ ነው። ቬገስ ያንን በር ለአፍታ ከዘጋው ዙሩ ይቆረጣል፣ ልብ ወደ ትክክለኛ ምቱ ይመለሳል። በ2015 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ ታካሚው አምጦ ከነፋ በኋላ ወዲያው አስተኝተው እግሩን ከፍ ሲያደርጉለት 43 በመቶው ላይ ኤስቪቲው ቆመ፤ እግር ሳያነሱ ግን 17 በመቶ ብቻ ነበር። ቆንጆ ዘዴ ነው፤ ዋጋው ዜሮ ብር።

ኤኤፍ ግን ኤቪ ኖድን አይፈልገውም። እሳቱ ያለው ከበሩ በላይ ነው። በሩን ቢዘጉ ለጥቂት ሰከንድ ትርታው ይዘገይ ይሆናል፤ ላይኛው መርገብገቡን ይቀጥላል። እርስዎ ዘንድ ደግሞ እሳቱን የሚያቆየው ያው ልጓም ነው። ቤንዚን መጨመር እንዳይሆን! ጓደኛዎ ምናልባት ኤስቪቲ የነበረበትን ሰው አይቶ ይሆናል። በሌሊት ሲነሳብዎ ከመንከር ይልቅ ቀና ብለው ይቀመጡ። ራስዎን ካላዞረዎት ቤት ውስጥ ቀስ ብለው ይንቀሳቀሱ። አንዳንዱን ይለቀዋል፤ አለንጋው ትንሽ ስለሚነቃ ይመስለኛል። አንገት ማሸት ደግሞ ራስዎ አይሞክሩት። እዚያ ያለውን የደም ሥር መጫን ቬገስን ይቀሰቅሳል፤ ግን ደም ሥሩ ውስጥ የተጋገረ ስብ ካለ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

በዚህ አጋጣሚ ማለዳ በቀዝቃዛ ጸበል የሚጠመቁ ኤኤፍ ያለባቸው ሰዎችም ይጠይቁኛል። ቅርት በሉ አልልም። ድንገተኛ ብርድ አለንጋውንና ልጓሙን በአንድ ጊዜ ያስነሳል፤ ያ ነው አስቸጋሪው። እጅና እግርን አስቀድሞ ማርጠብ፣ ቀስ ብሎ መግባት፣ ትንፋሽ አለመያዝ ጥሩ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ አይቋረጥ።

"ነርቩ ከሆነ ጥፋተኛው ለምን አይቆረጥም?" የሚሉም አሉ። ተሞክሯል። በ2016 የወጣ የአምስተርዳም ጥናት 240 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ሁሉም በደረት ቀዳዳ በኩል የኤኤፍ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ግማሾቹ ላይ የነርቭ ቋጠሮዎቹም ተቃጠሉ። የኤኤፉ መመለስ ላይ ልዩነት አልመጣም። ነርቭ የተቃጠለባቸው ላይ ግን ደም መፍሰስና የሳይነስ ኖድ ችግር በዛ። ዛሬ በሰፊው የሚሠራው ካቴተር አብሌሽን፣ በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ በእነዚያ የደም ሥሮች አፍ ዙሪያ ጠባሳ ሠርቶ የብልጭታውን መውጫ ነው የሚዘጋው፤ በዚያው ቋጠሮዎቹም ይነካሉ። ከዚያ በኋላ የዕረፍት ትርታ ለጊዜው ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ለእንደርስዎ ዓይነት ሰው መድኃኒት ካልተስማማ ጥሩ አማራጭ ነው።

በተቃራኒው ነርቩን በጣም በቀስታ መኮርኮር ሊያረጋጋ ይችላል የሚል ሐሳብም አለ። በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ጆሮ ላይ ባለ ትንሽ ክሊፕ በቀን አንድ ሰዓት ለስድስት ወር የቬገስን ቅርንጫፍ ሲቀሰቅስ ኤኤፉ በጣም ቀንሶ አገኘ። ሰዎቹ ግን 53 ብቻ ናቸው። በኢንተርኔት የሚሸጠውን የጆሮ ክሊፕ ለመግዛት ገንዘብዎን አያውጡ፤ ገና ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነስተዋል? በደብዳቤዎ አላየሁትም። ነርቭ ክብሪት ይጭራል፤ እሳቱ የሚይዘው ግን በደረቀው ነው። በእኛ አገር ኤኤፍ ያለበትን ሰው ሳይ መጀመሪያ የማስበው ቬገስን አይደለም፤ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የመጣ የሩማቲክ ትኩሳት ያጠበበውን የግራ ቫልቭ ነው። ሰው ሳያውቀው አርባ ዓመት ሊኖርበት ይችላል። ይህ ከተገኘ ጨዋታው ይቀየራል፤ የደም ማቅጠኛ ግዴታ ይሆናል፤ እሱም ዋርፋሪን። በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት የሩማቲክ ልብ ላይ ኤኤፍ ላለባቸው ሰዎች ዋርፋሪንና መሰሎቹ ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ሁለተኛው የእንቅርት ሆርሞን ነው። በደጋው አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ ሆርሞኑ ሲበዛ ኤኤፍ ያመጣል፤ በአንድ የደም ምርመራ ይታወቃል። ፖታሲየምና ማግኒዚየምም በዚያው ይታዩ።

ቫልቭዎ ጤነኛ ከሆነ፣ በ46 ዓመት፣ ያለ ግፊትና ስኳር፣ የስትሮክ ስጋትዎ ዝቅተኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደም ማቅጠኛ አያስፈልግም። ግን "የእኔ የነርቭ ስለሆነ ደም አያረጋም" የሚል ስሌት የለም። ስጋቱ የሚሰላው በዕድሜ፣ በግፊት፣ በስኳር፣ በልብ ድካም፣ ቀድሞ በነበረ ስትሮክ ነው። ግፊትዎን በየጊዜው ይለኩት፤ "የለብኝም" ያሉት መቼ ተለክቶ ነው?

ቡናው። ለባለቤትዎ በትሕትና ይንገሩልኝ፤ ቡና ጥፋተኛ ሆኖ አልተገኘም። በ2025 የወጣ ጥናት ኤኤፍ ያለባቸውን 200 ቡና ጠጪዎች ልባቸው በኤሌክትሪክ ከተስተካከለ በኋላ ለሁለት ከፈላቸው። ቡና ከቀጠሉት 47 በመቶው ላይ ኤኤፉ ተመለሰ፤ ካቆሙት 64 በመቶው ላይ። ይህ ማለት ቡና መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። እርስዎ ራስዎ በጠጡ ቁጥር የሚነሳብዎ ከሆነ ይተዉት። አለበለዚያ አቦል ቶናዎን ይጠጡ፤ ማታ እንቅልፍ እንዳይነሳዎ ብቻ።

መጠጥ ግን ሌላ ነው። በ2020 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 140 ጠጪዎችን ተከታተለ። ካቆሙት 53 በመቶ፣ ካላቆሙት 73 በመቶ ኤኤፍ ተመለሰባቸው። አሜሪካኖች በ1978 "የበዓል ልብ" የሚል ስም ያወጡለት ነገር አለ፤ ሰው በዓል ላይ ጠጥቶ በማግስቱ ልቡ ተዛብቶ ሆስፒታል ሲመጣ አይተው ነው። የእኛን የፋሲካ ሌሊት ያስቡት። 55 ቀን ጾሞ፣ ቅዳሴ ቆሞ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ዶሮ ወጥ፣ አረቄ፣ ከዚያ ወዲያው አልጋ። ቬገስ ከዚህ የተሻለ ግብዣ አያገኝም። ዶሮውን አይከለከሉም፤ ትንሽ ትንሽ ይብሉ፣ አረቄውን ይለፉት፣ ሳይተኙ ይቀመጡ። በአዘቦቱም ራትዎን ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት፣ መጠኑን ቀነስ አድርገው ይሞክሩት። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ደግሞ ያቁሙ፤ ካቲኖን አለንጋው ራሱ ነው።

ሩጫዎን አያቁሙ። በሳምንት አራት ቀን መጠነኛ ሩጫ ልብን ይጠቅማል። ችግሩ የሚመጣው ለብዙ ዓመት በጣም ረጅምና ከባድ ልምምድ በሚያደርጉ ሰዎች ላይ ነው፤ ቬገሳቸው ይጠነክራል፣ የላይኛው ክፍላቸው ይሰፋል። ስዊድን ውስጥ የ90 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ ውድድር የተካፈሉ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ደጋግመው በተወዳደሩትና ፈጥነው በጨረሱት ላይ የምት መዛባት በዝቶ አግኝቷል። እርስዎ ከዚያ በጣም ሩቅ ነዎት። ሲጨርሱ ግን ድንገት ቁጭ አይበሉ፣ በረዶ የመሰለ ውኃም አይጋቱ። አሥር ደቂቃ ይራመዱ።

እስከ ቀጠሮዎ ድረስ ደብተር ይያዙ። የተነሳበትን ሰዓት፣ የበሉትን፣ የተኙበትን ጎን፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ይጻፉ። ሆልተር ከተቻለ ይጠይቁ፤ ሊነሳ ሲል ትርታዎ ከ60 በታች ነበር ወይስ ከፍ ብሎ ነበር የሚለውን ማየት እፈልጋለሁ። ደረት ካመመዎ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ወይም ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከሰነፈ፣ አፍ ከተያዘ ደብተሩን ትተው ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ለእርስዎ አይደለችም፤ መልሷን እርስዎ አያውቁትም። ባለቤትዎን ይጠይቁልኝ፦ ማታ ያንኮራፋሉ? መሐል ላይ ትንፋሽዎ ቆሞ፣ ከዚያ እንደ መታነቅ ብለው ይነቃሉ? በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሰው በተዘጋ ጉሮሮ ሲስብ ደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ የላይኛው የልብ ክፍል ይወጠራል፣ ቬገስ ልጓሙን ይስባል፤ ነቃ ሲል ደግሞ አለንጋው ይወርዳል። በአንድ ሌሊት ይህ መቶ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። እሳቸው "አዎ" ካሉ፣ ከጨጓራው በፊት እዚያ እንጀምራለን።